አምባሩን ከመገኛው አትነጥሉት

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ ባቲ የሚወርደው መንገድ በደጋን በኩል ያልፋል። አስፋልት ሳይለብስ በፊትም መንገድ ነበር። የአፋር ጨው ወደ ደጋ የወጣበት፣ የወሎ እህል ወደ ቆላ የወረደበት፣ ነጋዴውም ደረሳውም የተመላለሰበት ነው። የባቲ የሰኞ ገበያ ዛሬም አፋሩን፣ ኦሮሞውን፣ አማራውንና አርጎባውን በአንድ ሜዳ ላይ የሚያገናኘው ያ የቆየ ዝውውር ስላልተቋረጠ ነው። ሰው ይህን ያህል ዘመን የተመላለሰበት፣ የኖረበትና የተቀበረበት ምድር ደግሞ ባዶ አይሆንም። ማረሻ ይገልጠዋል፣ የክረምት ጎርፍ ይሸረሽረዋል፣ የቤት መሠረት የሚቆፍር ሰው ይደርስበታል። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክና የባቡር መስመር የተዘረጋባት ከተማ ከሆነች ወዲህ ደግሞ አፈር የሚገለብጠው ገበሬው ብቻ አይደለም። ከዚህ ሁሉ አፈር ውስጥ አረንጓዴ ዝገት የለበሰ የነሐስ አምባር ብቅ ቢል፣ ያገኘው ሰው ፊት ሦስት ደንበኛ ይቆማል። አንዱ በኪሎ የሚመዝነው ቁራሌ ነው። ሁለተኛው አቅልጦ ሌላ ጌጥ የሚሠራበት አንጥረኛ ነው። ሦስተኛው «ጥንታዊ ነው» ብሎ ለሰብሳቢ የሚያሻግረው ነጋዴ ነው። አራተኛ መንገድ በሕግ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ወደዚያ የሚመራው ሰው ግን የለም። ከመሬት የወጣ አምባር ትልቁ ዋጋ ያለው በወጣበት ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ መንግሥት አምባሩን ለመውረስ ከመቸኮሉ በፊት፣ ቦታውን ለሚጠቁመው ሰው ሕጉ ቃል የገባለትን ወሮታ መክፈል መጀመር አለበት።

አምባርን ከሌሎች የጥንት ዕቃዎች የሚለየው ዝምታው ነው። የአክሱምን ሳንቲም እንውሰድ። በአክሱም ዙሪያ ዝናብ ካባራ በኋላ ገበሬዎችና ልጆች የጥንት ሳንቲም ከማሳው ላይ ለቅመው ለጎብኚ መሸጣቸው ለረጅም ጊዜ የታወቀ ነው፤ የአክሱም ሳንቲሞች ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ጨረታዎች ላይ በነጻነት ይሸጣሉ። ይህ ጉዳት ነው። ያም ሆኖ ሳንቲሙ ከመገኛው ቢነጠልም እንኳ የሚናገረው አያጣም፤ የንጉሡ ስም ተቀርጾበታል፣ የግማሽ ጨረቃው ምልክት በመስቀል መተካቱ ከንጉሥ ዔዛና ክርስትና መቀበል በፊት ወይም በኋላ መሆኑን ያሳያል። የነሐስ አምባር ግን ስም የለውም፣ ዓመት የለውም። ጫፍና ጫፉ ክፍት የሆነ ቀለል ያለ ቀለበታማ አምባር ከሁለት ሺሕ ዓመት በፊትም ተሠርቷል፣ ከመቶ ዓመት በፊትም ተሠርቷል፣ ዛሬም ይሠራል። ከቅርጹ ብቻ ተነስቶ «ይህ የአክሱም ዘመን ነው» ወይም «ይህ የመካከለኛው ዘመን ነው» የሚል ሰው፣ ሻጭም ይሁን ምሁር፣ እየገመተ ነው።

ቤተ ሙከራ ይፈታዋል የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ የሚፈታው ግን ብዙዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነው። በኤክስ ሬይ የሚሠራ መሣሪያ መዳቡ የተቀላቀለው ከቲን ጋር ይሁን ከዚንክ ጋር፣ በምን ያህል መጠን እንደሆነም ይነግረናል። የእርሳስ ኢሶቶፕ ምርመራም ማዕድኑ ከየትኛው አካባቢ ሊመጣ እንደሚችል ፍንጭ ይሰጣል። ነገር ግን ብረታ ብረት ደጋግሞ ይቀልጣል። በአገራችን ጠገራ ብር እየቀለጠ መስቀል፣ አልቦና የጆሮ ጌጥ እንደሆነው ሁሉ፣ ነሐስም ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ሲዞር ኖሯል። ከሁለት የተለያዩ ምንጮች የመጣ ነሐስ በአንድ ምድጃ ከተቀላቀለ በኋላ ምርመራው የሚነግረን የቅይጡን ታሪክ ነው፤ የአምባሩን ዕድሜ አይነግረንም። ዕድሜውን የሚነግሩን ጎረቤቶቹ ናቸው፦ አጠገቡ የወደቀው ከሰል፣ አብሮት ያለው አጥንት፣ ከሥሩና ከላዩ ያለው የሸክላ ስባሪ። የካርበን ምርመራ የሚሠራው በከሰሉና በአጥንቱ ላይ ነው። እነዚህን ደግሞ ከአፈሩ ያወጣ ሰው «ቆሻሻ» ብሎ ይጥላቸዋል፤ ገዢም አይጠይቅባቸውም።

አምባሩ ላይ ራሱ ያለውም ማስረጃ በቀላሉ የሚጠፋ ነው። የመዳብ ጨው ጥቃቅን ተሕዋስያንን ስለሚገድል፣ ሌላ ቦታ የሚበሰብስ ጨርቅ ከአምባር ዝገት ውስጥ ተጣብቆ ሊተርፍ ይችላል። ክሩ ከጥጥ ይሁን ከሱፍ፣ እንዴት እንደተፈተለና እንዴት እንደተሸመነ ከዚያች ቅንጣት ላይ ይነበባል። የሟቹ የእጅ አጥንት ላይ የቀረው አረንጓዴ ቀለም አምባሩ በየትኛው እጅ፣ በስንት ቁጥር፣ በሕፃን ይሁን በአዋቂ ክንድ ላይ እንደነበረ ይናገራል። ያ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በሎሚና በአመድ ተፈትጎ ይጠፋል። ዕቃው ሲያብለጨልጭ ደንበኛ ይስባል፤ የሚወለውለው ሰውም ክፉ አላሰበም። ነገር ግን የተወለወለ አምባር አሻራው ከተጠረገ በኋላ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ማስረጃ ነው።

ይህ የምሁራን ቅንጦት የሚመስለው ካለ፣ በጎረቤታችን በሰሜን ሸዋ የሆነውን ይመልከት። በመንዝ ያሉ የድንጋይና የአፈር ጉብታዎች ለዘመናት ትርጉማቸው ያልታወቀ ክምር ነበሩ። ፍራንሷ ዛቪዬ ፎቬልና ቤርትራን ፕዋሶኒዬ የተባሉ ፈረንሳዊ ተመራማሪዎች ጥቂቶቹን በሥርዓት ቆፍረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 በመጽሐፍ ሲያወጡ፣ «የሻይ ባህል» ብለው የሰየሙት ማኅበረሰብ ታሪክ ውስጥ ገባ። ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ መቃብሩ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም የተለየ፣ ሹማምንቱን ከጌጣጌጥ፣ ከዶቃና ከሸክላ ጋር የሚቀብር ሕዝብ ነበር። ይህ ሕዝብ ስለ ራሱ የጻፈው ነገር የለም። የሚያስተዋውቀን መቃብሩና በመቃብሩ ውስጥ ያለው ዕቃ ብቻ ነው። እነዚያ ጌጦች አንድ በአንድ ተለቅመው ገበያ ወጥተው ቢሆን ኖሮ፣ የሻይ ባህል ዛሬ ስም አይኖረውም ነበር። በትግራይ፣ በየሃም እንዲሁ ነው፤ አርኪዮሎጂስቱ ፍራንሲስ አንፍሬይ እ.ኤ.አ. በ1960 ከመቃብሮቹ ያወጣቸው የነሐስ ዕቃዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረውን ዘመን ሊያስረዱን የቻሉት ከየትኛው መቃብር፣ ከምን ጋር እንደወጡ ተመዝግቦ ስለነበር ነው። የወሎ ምሥራቃዊ ተዳፋት፣ ከቃሉ ወረዳ እስከ ባቲ ያለው፣ ደጋውን ከቀይ ባሕር ጠረፍ ጋር ካገናኙት መተላለፊያዎች አንዱ ሆኖ ሳለ የዚህን ያህል የተቆፈረና የተጻፈ ነገር የለውም። ስለዚህ እዚህ የሚገኝ አንድ አምባር ከሌላ ቦታ አሥር አምባር የበለጠ ሊያስተምር ይችላል፤ ሲጠፋም የሚያጎድለው ያን ያህል ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሰብሳቢዎች ይመጣል፣ ተራ ተቃውሞም አይደለም። «እኛ ባንገዛው ኖሮ ቁራሌው በኪሎ ወስዶ ያቀልጠው ነበር፤ የተረፈው በእኛ ነው» ይላሉ። ስለ አንድ አምባር ከሆነ እውነት ሊኖረው ይችላል። ስለ ገበያው ሲሆን ግን ይገለበጣል። ሰብሳቢው በከፈለው ዋጋ የተነሳ ነጋዴው ሌላ እንዲመጣለት ይጠይቃል፤ ጥያቄው ወደ ገጠር ሲደርስ በአጋጣሚ ይገኝ የነበረውን ነገር ሆን ተብሎ የሚፈለግ ያደርገዋል። ያኔ መቃብር ይቆፈራል፣ የሚያምረው ይወሰዳል፣ አጥንቱና ገሉ ይበተናል። ደግሞም ገዢው ከየት እንደመጣ ቢጠይቅ ሻጩ እውነቱን የሚነግርበት ምክንያት የለውም፤ መናገሩ ራሱ ያስከስሰዋልና። ስለዚህ ታሪክ ይፈጠርለታል። «ከጥንት ቤተሰብ የወጣ» ይባላል፣ «የንግሥት ነበር» ይባላል። መገኛ የማይጠየቅበት ገበያ አስመሳይም ይጠራል፤ ትናንት የተሠራ ነሐስ በአሲድ አረንጓዴ እንዲሆን ተደርጎ ከእውነተኛው ጎን ሲሰለፍ፣ መገኛው ያልተመዘገበ እውነተኛ አምባር ራሱን የሚከላከልበት ነገር አይኖረውም። በዚህ ገበያ ሰብሳቢው ራሱም የሚታለል ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ መስመር ጠበቅ አድርጎ ማስመር ያስፈልጋል፤ ክርክሩ በተነሳ ቁጥር የሚደናገሩት ሁለት ነገሮች ናቸውና። ከአያት ለእናት፣ ከእናት ለልጅ የተላለፈ አምባር ሌላ ነው፤ ከመሬት የወጣ አምባር ሌላ ነው። የመጀመሪያው መገኛውን ይዞ ይኖራል፤ ማን አሠራው፣ ማን ለበሰው፣ በማን ሰርግ ተሰጠ የሚለውን የሚያውቅ ቤተሰብ አለው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በግለሰብ ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይቀበላል፤ ባለቤቱ እንዲጠብቀውና እንዲያስመዘግበው ግዴታ ያስገባዋል እንጂ አይነጥቀውም። የደጋን ወይዘሮ ሳጥኗ ውስጥ ያለው አልቦና አምባር የእሷ ነው፣ የእሷም መሆን አለበት። ቅርስ ጥበቃ ማለት ጌጥ መውረስ ነው የሚል ወሬ ባለበት አገር ይህን ደጋግሞ መናገር የቅርስ ባለሥልጣኑ ሥራ ነው። ከመሬት የወጣው ግን አያት የለውም፤ ስለ እሱ የሚመሰክርለት አፈሩ ብቻ ነው።

ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 41 ስለ ድንገተኛ ግኝት የሚለው ነገር ከብዙ አገሮች ሕግ የተሻለ ነው። በማዕድን ፍለጋ፣ በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና ቅርሱን ባለበት ሁኔታ እንዲጠብቅ ያዛል። ከዚያ ግዴታውን ወደ መንግሥት ያዞራል፦ ባለሥልጣኑ ግኝቱን መርምሮ መረከብና መመዝገብ አለበት፤ በ6 ወር ውስጥ ተገቢውን ካላደረገ ያገኘው ሰው ለክልሉ ኃላፊ በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነት ሊወጣ ይችላል። ያስረከበ ሰው ተገቢው ወሮታ እንዲሰጠው፣ ያወጣው ወጪም እንዲተካለት ይላል። ይህን ያረቀቁ ሰዎች ገበሬውን ያውቁት ነበር ማለት ነው። ችግሩ ገበሬው አንቀጹን የማያውቀው መሆኑ ነው። የሚያውቀው ቅጣቱን ነው። «ቅርስ ይዞ ተገኘ» ተብሎ ስለታሰረ ሰው ዜና ይሰራጫል፤ «ቅርስ አስረክቦ ወሮታ ተከፈለው» የሚል ዜና ግን ስንት ጊዜ ሰማን? ሰው የሚመራው በሰማው ነው። አምባሩን ይዞ ቀበሌ ቢሄድ «ሌላውስ የት አለ?» ተብሎ የሚጠየቅ ከመሰለው፣ ለቁራሌው ሰጥቶ መገላገሉ ለእሱ ጥበብ ነው። በዚህ ላይ እሱን መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም።

ወሮታ መክፈል ቆፋሪ ያበዛል የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው፣ እኔም ከሁሉ የበለጠ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። የተቀበረ ወርቅ አለ በሚል ወሬ ብቻ የጥንት ፍርስራሽ የሚገለበጥበት አገር ላይ ገንዘብ መጨመር አደጋ አለው። ነገር ግን ወሮታው የሚከፈለው በምን ላይ እንደሆነ ይወስነዋል። ለዕቃው ከተከፈለ ዕቃ ይመጣል፤ ቦታውን ሳይነካ ለጠቆመ ከተከፈለ ጥቆማ ይመጣል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው የከበረ ግኝት ሕግ ለአግኚውና ለመሬቱ ባለቤት ወሮታ ትከፍላለች፤ አግኚው ያለ ፈቃድ የሰው መሬት ገብቶ ወይም ቦታውን አበላሽቶ ከሆነ ወሮታው ይቀነሳል፣ ሊከለከልም ይችላል። ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ሕጉ የማያስገድዳቸውን ተራ ግኝቶች ሳይቀር ሰዎች በፈቃዳቸው የሚያስመዘግቡበት ሥርዓት ዘርግታለች፤ በየአካባቢው የተመደቡ ባለሙያዎች ዕቃውን አይተው፣ ፎቶ አንስተው፣ ቦታውን በካርታ ላይ አስፍረው አብዛኛውን ለአግኚው ይመልሳሉ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች ተመዝግበዋል። ብረት መፈለጊያ መሣሪያን ያበረታታል ብለው የሚቃወሙት የአገሩ አርኪዮሎጂስቶች አሉ፤ ትችታቸውም ባዶ አይደለም። እኛ ያንን መሣሪያም ሆነ የባለቤትነት ሕጋቸውን መቅዳት አያስፈልገንም። መቅዳት ያለብን አንድ ነገር ነው፤ ቅርብ የሆነ፣ የማያስፈራ፣ ጥያቄው ሁልጊዜ «የት አገኘኸው?» የሆነ ሰው በየአካባቢው መኖሩን።

ሦስተኛውን ተቃውሞ የወሎ ሰው ያለ ምንም ማብራሪያ ይረዳዋል። «ለማን እናስረክብ? ሙዚየሙስ ተዘርፎ የለ?» በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ከዚያ በፊት በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በዚሁ በወሎ ምድር፣ በመቅደላ አምባ ላይ የሆነውን ማንም አይረሳውም። የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ያወረደውን ሀብት ደላንታ ላይ በጨረታ ሸጠ፤ የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ በቦታው ተገኝቶ ገዛ። የእቴጌ ጥሩወርቅ ልብስና የብር ጌጣጌጥ እስከ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ታዲያ ከሁለቱም ዝርፊያ የሚገኘው ትምህርት አንድ ይመስለኛል፤ የሚጠየቀው የታወቀው ዕቃ ነው። ስለ መቅደላ ዛሬ መከራከር የቻልነው ምን እንደተወሰደ፣ በማን እጅ እንደገባ ዘራፊዎቹ ራሳቸው ስለጻፉት ነው። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ቤልጂየማዊ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ሊመለስ የቻለው፣ መልኩን የማያውቅ ስላልነበረ ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነትም ከሙዚየም ወይም ከሃይማኖት ተቋም የተሰረቀ ቅርስ ወደ ሌላ አባል አገር እንዳይገባ የሚከለክለው በተቋሙ መዝገብ ላይ መስፈሩ ሲረጋገጥ ነው። ያልተመዘገበ የደጋን አምባር በአንድ የአውሮፓ መደብር መስታወት ውስጥ ቢታይ፣ የእኛ ነው ለማለት የምንይዘው ወረቀት የለም። ሙዚየም ሊዘረፍ መቻሉ መመዝገብን ይበልጥ አስቸኳይ ያደርገዋል፤ መዝገቡና ፎቶው ከዕቃው ጋር በአንድ ክፍል መቀመጥ የለባቸውም፣ ቅጂው ደሴም፣ ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም ይኑር።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከጦርነት ያላገገመ ዞን ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት እያለበት ለአምባር ወጪ ያውጣ ወይ የሚለው ጥያቄ ልብ ያለው ሰው ጥያቄ ነው። የምጠይቀው ግን አዲስ ሕንፃም አዲስ መሥሪያ ቤትም አይደለም። በየወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አለ። ደሴ ላይ ሙዚየም አለ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ላይ ነው። የእጅ ስልክ ፎቶ ያነሳል፣ ቦታውንም በካርታ ላይ ያሳያል። የሚጎድለው እነዚህን የሚያገናኝ ትእዛዝና በጀት ላይ በራሱ ርዕስ የተቀመጠ አነስተኛ የወሮታ ገንዘብ ነው። ቃሉ ወረዳ ላይ ቢጀመር ጥሩ ነው፤ መንገዱም ቁፋሮውም እዚያ ነው። አንቀጽ 41 ገበሬው በሚገባው ቋንቋ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ተተርጉሞ በየቀበሌው ይለጠፍ፤ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ የሚሰሙ ሽማግሌዎች ያስረዱት፤ የመንገድና የግንባታ ተቋራጮች ውል ውስጥ ግኝትን የማሳወቅ ግዴታ በግልጽ ይግባ፣ ማሽኑ ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜም አስቀድሞ ይታሰብለት። ያስረከበ ሰው ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይሰጠው፤ ስሙ እንዲነገር ከፈቀደ ሙዚየሙ ውስጥ ከዕቃው ጎን ይጻፍለት። የመጀመሪያው ወሮታም በተዘጋ ቢሮ ውስጥ መከፈል የለበትም፤ በገበያ ቀን፣ ቁራሌውም አንጥረኛውም ነጋዴውም ባሉበት፣ ሕዝብ እያየ ይከፈል።